አምስት ምስሎች፣ አንድ መድረክ፣ ጥቂት ገንዘብ፦ የትኛው ፕሮጀክተር ይሻለናል?

አዲስ አዘጋጅ

ሰላም ለሁላችሁም። አማተር የሆነ የቴአትር ቡድናችን ከስድስት ሳምንት በኋላ ለስድስት ምሽቶች የሚያቀርበውን ተውኔት እያዘጋጀሁ ነው። ተውኔቱ አምስት ቦታ ላይ ምስል ይፈልጋል፤ እነዚህም የንጋት ሰማይ፣ የተቃጠለ ቤት፣ ዝናብ፣ ተመልካቹ ራሱ የሚያነበው ደብዳቤ እና የሟች እናት ፊት ናቸው። የመድረኩ ወርድ 8 ሜትር፣ ጥልቀቱ 7 ሜትር ሲሆን፣ መብራቶች የሚሰቀሉባቸው ብረቶች ከወለሉ 5 ሜትር ከፍ ይላሉ። ምስሉ በመድረኩ መጨረሻ በሚሰቀል ጨርቅ ላይ 5 ሜትር ያህል ወርድ ይዞ እንዲታይ እንፈልጋለን።

ያለን ገንዘብ አንድ መካከለኛ የቢሮ ፕሮጀክተር ቢገዛ ነው። ይሁን እንጂ ከዚያ እጅግ በረከሰ ዋጋ «9000 ሉመን» (ሉመን የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) ተብሎ የተጻፈበት በእጅ የሚያዝ ትንሽ ፕሮጀክተር ስላየሁ ልቤ ለሁለት ተከፍሏል። ጥያቄዎቼ ሦስት ናቸው። ለእንደዚህ ዓይነት መድረክ ስንት ሉመን ይበቃል? በትንሹ መሣሪያ ላይ የተጻፈው ቁጥር ይታመናል? የገዛነውንስ ከተመልካቾች ጀርባ፣ ከጨርቁ 18 ሜትር ርቀት ላይ አስቀምጠን መጠቀም እንችላለን?

የመብራት ወጌሻ

ከሁለተኛው ጥያቄዎ ልጀምር፤ አይታመንም። በታወቀው የአንሲ (የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎች ተቋም) አለካክ መሠረት ምስሉ ያረፈበት ቦታ በዘጠኝ እኩል ክፍሎች ይከፈልና በእያንዳንዱ መሐል ብርሃኑ ይለካል፤ የዘጠኙ አማካይ በምስሉ ስፋት ሲባዛ የመሣሪያው ሉመን ይገኛል። ርካሾቹ ትናንሽ ፕሮጀክተሮች ግን ብዙውን ጊዜ የሚጽፉት ከሌንሱ የወጣውን ሳይሆን ውስጥ ያለው አምፖል ሊሰጥ ይችላል ያሉትን ነው፤ አንዳንዴም ቁጥሩ ከምን እንደመጣ እንኳ አይታወቅም። ለማጣራት ቀላሉ መንገድ ከመሣሪያው ጀርባ የተጻፈውን ዋት ማንበብ ነው። 3000 አንሲ ሉመን የሚሰጥ ባለ አምፖል የቢሮ ፕሮጀክተር 250 ወይም 300 ዋት ያህል ይወስዳል። 60 ዋት የሚበላ ትንሽ ዕቃ የዚያን ሦስት እጥፍ ብርሃን አወጣለሁ ካለዎት፣ ሻጩን በትሕትና አመስግነው ይለዩት።

አሁን ወደ መጀመሪያው እንመለስ። ሉመን ከመሣሪያው የሚወጣው ብርሃን ጠቅላላ መጠን ነው፤ ጨርቁ ላይ የሚያርፈው ግን ያ ብርሃን ለስፋቱ ሲከፋፈል የሚደርሰው ነው፤ ይህም በሉክስ ይለካል። 5 ሜትር ወርድ ያለው፣ የወርድና የቁመቱ ምጣኔ 16 በ10 የሆነ ምስል ቁመቱ 3.1 ሜትር ያህል፣ ስፋቱም 15.6 ካሬ ሜትር ያህል ይሆናል። ስለዚህ እውነተኛ 3000 ሉመን ቢኖርዎት በጨርቁ ላይ በአማካይ 192 ሉክስ ያርፋል። ይህ ብዙ ነው ወይስ ጥቂት የሚለውን ፕሮጀክተሩን ብቻ በማየት ሊመልስልዎት የሚችል ሰው የለም፤ ምክንያቱም መልሱ ያለው በተዋናዮቹ መብራት ውስጥ ነው። ስለዚህ አንድ ነገር ልለምንዎት። የብርሃን መለኪያ ከፎቶግራፍ አንሺ ተውሰው፣ የመድረኩን መብራት ልክ በትርኢቱ ላይ እንደሚበራው አብርተው፣ ፕሮጀክተር ሳይኖር በጨርቁ ላይ ስንት ሉክስ እንደሚያርፍ ይለኩና ይንገሩን።

ቁጠባ

የመብራት ወጌሻ ካሉት ጋር እስማማለሁ፤ እኔ ግን «ምን እንግዛ» የሚለውን ጥያቄ ራሱን እጠራጠራለሁ። ለስድስት ምሽት የሚያስፈልግን ዕቃ መግዛት ማለት ለቀሪዎቹ የዓመቱ ቀናት በሳጥን ውስጥ የሚያረጅ ዕቃ መግዛት ማለት ነው። በዚያው ገንዘብ ከመግዛት አቅማችሁ ብዙ እጥፍ የሚበልጥ መሣሪያ ለአንድ ሳምንት ልትከራዩ ትችላላችሁ። አከራዩ ብዙውን ጊዜ መስቀያውን፣ ረጅሙን ኬብልና የመጠባበቂያ አምፖሉን አብሮ ይሰጣል፤ ገዢ ግን እነዚህን ለየብቻ ሲያሟላ ያሰበው ገንዘብ ሳያልቅ አይቀርም።

ያገለገለ ዕቃ ለመግዛት ከቆረጣችሁ ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። የእነዚህ አምፖሎች ዕድሜ የሚቆጠረው ብርሃናቸው ወደ ግማሽ እስኪወርድ ባለው ሰዓት ነው፤ ይህም ብዙውን ጊዜ በሙሉ ኃይል ከ3000 እስከ 5000 ሰዓት ነው። ስለዚህ 3000 ሉመን ተብሎ የተሸጠ አሮጌ ዕቃ ዛሬ 1500 ላይ ሊገኝ ይችላል። በሜኑው ውስጥ የአምፖሉ ሰዓት የሚነበብበት ቦታ ስላለ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩ ፊት ከፍታችሁ አንብቡት። የአየር ማጣሪያውንም አውጥታችሁ እዩ፤ አቧራ የጠገበ ማጣሪያ ዕቃው እንዴት ተይዞ እንደኖረ ከሻጩ አንደበት በላይ ይናገራል።

ኬብል ጎታች

ሦስተኛውን ጥያቄ እኔ ልመልስ። እያንዳንዱ ሌንስ ርቀቱ ለምስሉ ወርድ ሲካፈል የሚገኝ የራሱ ምጣኔ አለው። ተራ የቢሮ ፕሮጀክተር ብዙውን ጊዜ 1.5 አካባቢ ነው፤ ይኸውም 1 ሜትር ወርድ ለማግኘት 1.5 ሜትር ይርቃል ማለት ነው። ከ18 ሜትር ቢያበሩት 12 ሜትር ወርድ ያለው ምስል ይወጣና ግድግዳውን፣ መጋረጃውን፣ አልፎም ጣሪያውን ይቀባል። ከዚያ ቦታ 5 ሜትር ለማግኘት 3.6 ምጣኔ ያለው ረጅም ሌንስ ያስፈልጋል፤ ሌንሱ የሚቀየረው ደግሞ በትልልቆቹ መሣሪያዎች ላይ ነው። የምስሉን ዙሪያ በጥቁር ቀለም ሞልቶ መሐሉን ብቻ መጠቀም ይቻላል የሚል ምክር ትሰሙ ይሆናል። በእርግጥ ይቻላል፤ ነገር ግን ከ12 ሜትሩ ወርድ 5ቱን ብቻ ስትጠቀሙ ብርሃኑም ምስሉን የሚሠሩት ነጥቦችም ከስድስት እጅ አንዱ ያህል ብቻ ይቀሯችኋል፤ አምስቱ እጅ ጥቁር ለመሳል ይባክናል።

ስለዚህ ለተራ ሌንስ ትክክለኛው ቦታ ከጨርቁ 7.5 ሜትር ነው፤ ያም በእናንተ መድረክ የፊተኛው ጫፍ አናት አካባቢ ነው። እዚያ ብረት ካለ ፕሮጀክተሩን ገልብጣችሁ ስቀሉት። የቢሮ ፕሮጀክተሮች ተገልብጠው እንዲሰቀሉ ታስበው የተሠሩ ስለሆነ፣ በዚያ አኳኋን ምስላቸውን ከሌንሱ ከፍታ ዝቅ አድርገው ይጥላሉ። በሜኑ ውስጥ ምስሉን መገልበጡን አትርሱ፤ ሳይገለበጥ ቀርቶ እናትየው በጭንቅላቷ ቆማ የወጣችበትን ልምምድ በዓይኔ አይቻለሁ።

ሁለት ነገሮችን በጥብቅ አሳስባለሁ። ከዋናው መስቀያ በተጨማሪ የብረት ገመድ ይታሰርለት፤ ከበታቹ ሰው ይቆማልና። የኤሌክትሪክ መስመሩ ደግሞ ከዲመር (የመብራትን ድምቀት ከሚቀንሰውና ከሚጨምረው መሣሪያ) እንዳይሆን፤ ዲመር ሙሉ በሙሉ ተከፍቶም ቢሆን ለኤሌክትሮኒክስ የሚስማማ ንጹሕ ኃይል አይሰጥም፣ መሣሪያውንም ሊያቃጥለው ይችላል።

ከመጋረጃ ጀርባ

ሁላችሁም ከፊት ስለማብራት ብቻ ማውራታችሁ ገረመኝ። ከፊት የሚመጣ ምስል ተዋናዩ ላይ ያርፋል፤ ተዋናዩም ጥላውን ጨርቁ ላይ ይጥላል። ስስና ብርሃን አሳላፊ ጨርቅ ዘርግታችሁ ከኋላው ብታበሩ ይህ ጣጣ ሁሉ ይቀራል። ምጣኔው 0.5 የሆነ አጭር ሌንስ ያለው ፕሮጀክተር 5 ሜትር ወርድ ለመሥራት 2.5 ሜትር ብቻ ይበቃዋል። ምስሉን ግራና ቀኙን መገልበጥ በሜኑ ውስጥ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

ኬብል ጎታች

ቦታ ላለው ሰው ምክሩ መልካም ነው። ነገር ግን ከ7 ሜትር ጥልቀት 2.5 ሜትሩን ለፕሮጀክተር ከሰጡ ተዋናዮቹ 4.5 ሜትር ይቀራቸዋል፤ በመድረኩ ኋላ የሚያልፍም ሰው በብርሃኑ ውስጥ ማለፍ የለበትም። ተስማሚ ያልሆነ ጨርቅ ከተመረጠም የሌንሱ ብርሃን እንደ ጨረቃ መሐል ላይ ፈጦ ይታያል፤ ጫፎቹ ደግሞ ይጨልማሉ። አጭር ሌንስ ሲሆን ይህ ይብሳል።

የጥላውን ነገር ግን እንደሚፈራው አይደለም፤ ወረቀት ላይ እንሥራው። ሌንሱ በ5 ሜትር ከፍታ፣ ከጨርቁ 7.5 ሜትር ርቀት ላይ ነው እንበል። የምስሉን የታችኛውን ጠርዝ ከወለሉ 1.5 ሜትር ከፍ አድርጉት፤ የላይኛው ጠርዝ 4.6 ሜትር ላይ ይሆናል። ከሌንሱ ወደ ታችኛው ጠርዝ የሚወርደው የመጨረሻው ጨረር ከጨርቁ በራቅን በእያንዳንዱ ሜትር 47 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ስለዚህ ቁመቱ 1.8 ሜትር የሆነ ተዋናይ ከጨርቁ 65 ሴንቲ ሜትር ከራቀ ብርሃኑ ከራሱ በላይ ያልፋል። እጁን እስከ 2.3 ሜትር ቢያነሳ እንኳ 1.7 ሜትር መራቅ ይበቃዋል። በወለሉ ላይ ከጨርቁ 1.7 ሜትር ርቀት ላይ ቴፕ ለጥፉና ከዚያ አትለፉ በሏቸው፤ የጥላው ጉዳይ በአንድ ጥቅል ቴፕ ተፈታ ማለት ነው።

በነገራችን ላይ የ5 ሜትር ከፍታውና የ4.6 ሜትሩ ጠርዝ ልዩነት ትንሽ መሆኑን ያስተውሏል። ይህ በአጋጣሚ አይደለም፤ ፕሮጀክተሩ ሳያዘነብል ምስሉን በራሱ ወደ ታች ስለሚጥል ኪስቶን የሚባለውን ማቃኛ መጠቀም አያስፈልግም። ያ ማቃኛ ምስሉን የሚያቃናው ከጠርዙ ላይ ነጥቦችን እየጣለ ስለሆነ፣ በተቻለ መጠን ዜሮ ላይ ይተውት።

አዲስ አዘጋጅ

መለኪያ አግኝቼ ትናንት ማታ ለካሁ። የተዋናዮቹ መብራት ሁሉ ሲበራ በጨርቁ መሐል 50 ሉክስ አገኘሁ። በመድረኩ የፊት ጫፍ አናት ላይ ብረት አለን። የመብራት ወጌሻ፣ 50 ብዙ ነው? ብዙ ከሆነ ለ6000 ሉመን የሚሆን ገንዘብ ከየትም ከየት እንፈልግ?

የመብራት ወጌሻ

መለካትዎ ትልቅ ነገር ነው፤ ብዙ ሰው ይህን ሳያደርግ ይገዛል።

ፕሮጀክተር ጥቁር አያበራም። የምስሉ ጥቁር ሆኖ የሚታየን ፕሮጀክተሩ ያላበራበት ጨርቅ ነው፤ ስለዚህ የእርስዎ ጥቁር 50 ሉክስ ነው። የፕሮጀክተሩን የራሱን ትንሽ ፍንጣቂ ለጊዜው እንተወው። በ3000 ሉመን መሣሪያ ነጩ 192 ሲደመር 50፣ ማለትም 242 ይሆናል፤ ነጩ ከጥቁሩ አምስት እጥፍ እንኳ አይሞላም፣ የእናትየውም ፊት ታጥቦ የደበዘዘ ልብስ ይመስላል። አሁን 6000 ሉመን ከየትም ከየት አመጡ እንበል። ነጩ 434፣ ጥቁሩ ያው 50 ነው፤ 8.7 እጥፍ ሆነ። በሌላ በኩል ያንኑ 3000 ይዘው በጨርቁ ላይ የሚበተነውን ብርሃን ከ50 ወደ 20 ቢያወርዱስ? ነጩ 212፣ ጥቁሩ 20 ይሆንና ከ10 እጥፍ በላይ ያገኛሉ። ይህም ሁለት እጥፍ ብርሃን ካለው መሣሪያ ይበልጣል፤ ወጪውም የአንድ ከሰዓት በኋላ ድካም ነው።

እንዴት ይወርዳል? ከፊት ለፊት ቀጥ ብለው የሚመጡትን መብራቶች ቀንሱና ተዋናዮቹን ከጎን አብሩ፤ የጎን ብርሃን ሰውየውን አልፎ የሚያርፈው በጎን መጋረጃ ላይ እንጂ በጨርቁ ላይ አይደለም። ከፊት የግድ የሚቀሩትን ወደ ላይ አንስታችሁ ቁልቁል አብሩ፤ እንዲህ ሲሆን ብርሃኑ ከተዋናዩ ኋላ ወለል ላይ ይወድቃል። የመብራቶቹን ጠርዝ በመዝጊያቸው ቁረጡ። ከሁሉ የሚረሳው ደግሞ ወለሉ ነው። ነጣ ያለ ወለል የወደቀበትን ብርሃን መልሶ ወደ ጨርቁ ይረጫል፤ ጥቁርና የማያብረቀርቅ ምንጣፍ ወይም ቀለም ይህን በእጅጉ ይቀንሳል። እንዲህ አድርጋችሁ እንደገና ለኩ። መሣሪያ የምትመርጡት ከዚያ በኋላ ነው።

ቁጠባ

ይህን ስሌት ከዓመታት በፊት የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ብዬ ቆጨኝ። እኛ ሁለት እኩል ፕሮጀክተሮችን ደራርበን አንዱን ምስል በሌላው ላይ እያሳረፍን ብርሃኑን እጥፍ አድርገን ነበር። ደምሩ ትክክል ነበር፤ ነገር ግን መሣሪያዎቹ ሲሞቁ ምስሉ በትንሹ ስለሚንሸራተት በየምሽቱ ከትርኢቱ በፊት ግማሽ ሰዓት እየወሰድን እናጋጥም ነበር። ለሰማይና ለደመና ችግር የለውም፤ ለጽሑፍ ግን አልመክርም።

አቡጀዲ

ከመሣሪያው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ እንመለስ። አምስቱንም ምስሎች በፕሮጀክተር ማሳየት ለምን አስፈለገ?

የንጋት ሰማይ ምስል አይደለም፤ የቀለም ለውጥ ነው። ያንኑ ጨርቅ ከታች በብርቱካናማ፣ ከላይ በሰማያዊ መብራት ብትነኩትና በሦስት ደቂቃ ውስጥ ቀስ በቀስ ብትለውጡት፣ ከየትኛውም ፎቶግራፍ የተሻለ ሰማይ ይሆናል፤ ጠርዝ ያለው አራት ማዕዘንም አይታይበትም። ፎቶግራፍ የሆነ ሰማይ መድረክ ላይ ሲወጣ እኔ ሁልጊዜ የግድግዳ ካሌንደር ትዝ ይለኛል።

ዝናቡን በጎቦ ሥሩት። ጎቦ በፕሮፋይል መብራት (ጠርዙ ጥርት ያለ ብርሃን በሚሰጥ ባለ ሌንስ የመድረክ መብራት) ውስጥ የሚገባ ቅርጽ የተቆረጠበት ስስ ብረት ነው፤ ብርሃኑ በቅርጹ ውስጥ ያልፍና ጥላና ብርሃን ሆኖ ያርፋል። ፕሮፋይል መብራት ሳይኖራችሁ አይቀርም። ምንም የማያውቅ ሰው እንኳ ትኩረቱን ትንሽ አደብዝዞ በተዋናዮቹ ላይ ጭምር ሲያሳርፈው፣ ዝናቡ ከኋላቸው ባለ ጨርቅ ላይ ሳይሆን በእነርሱ ላይ የሚዘንብ ይመስላል። እንዲንቀሳቀስ ከፈለጋችሁ የሚያሽከረክር መሣሪያ ይከራያል።

የተቃጠለው ቤት ላይ ግን ሰፋ አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም የተረሳ መሣሪያ አለ። ትምህርት ቤቶች ቀድሞ በፕላስቲክ ላይ የተጻፈ የሚያሳዩበት ኦቨርሄድ ፕሮጀክተር ዛሬ በየመጋዘኑ አቧራ ለብሶ ተቀምጧል፤ ብዙ ጊዜም በነጻ ይገኛል። ብርሃኑ ጠንካራ ነው፣ ከኮምፒውተር ጋር አይጣላም፣ «ሲግናል የለም» ብሎ በሰማያዊ አይጮህም። ከሁሉም በላይ ግን በእጅ ይሠራል። ቤቱን በጥቁር ቀለም በማያልቅ ዝርዝር ሳይሆን በጥቂት መስመር ሳሉት፤ ከዚያ የሚሠራው ሰው በትዕይንቱ መሐል ሌላ ፕላስቲክ ደርቦ ጭሱን ያንሸራትት፣ ወይም ጠፍጣፋ የመስታወት ሳህን ውስጥ ባለ ውኃ ላይ ቀለም ጠብ ያድርግ። ተመልካቹ የሚያየው የተቀረጸ ነገር ሳይሆን በዚያው ቅጽበት የሚሆን ነገር ነው፤ ከተዋናዩም ጋር አብሮ ይተነፍሳል። በመሣሪያው ላይ ያለው ውኃ እንዳይፈስ ግን አደራ፤ ከታቹ ኤሌክትሪክ ነው።

ሌንስ እንኳ የግድ አይደለም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጀርመናዊው የመድረክ ቴክኒሻን አዶልፍ ሊነባህ በስሙ የሚጠራውን ሌንስ አልባ ፕሮጀክተር አበርክቷል፤ ውስጡ ጥቁር የሆነ ሣጥን፣ አንድ ጠንካራ አምፖል እና ከፊቱ የተቀባ መስታወት፣ ሌላ ምንም የለውም። ምስሉ ለስላሳና ደብዛዛ ነው። አምፖሉ ትንሽ በሆነ ቁጥር ጠርዙ ይጠራል፤ መስታወቱም ከአምፖሉ በራቀ ቁጥር እንዲሁ። ለተቃጠለ ቤት ደብዛዛነት ጉድለት አይደለም።

እንግዲህ ለፕሮጀክተር የሚቀሩት ደብዳቤውና የእናትየው ፊት ብቻ ናቸው። ሁለቱም በጸጥታ የሚታዩ፣ መድረኩም የሚጨልምባቸው ትዕይንቶች ይመስሉኛል። ከሆነ 3000 ሉመን ይተርፋችኋል።

ስለ ጨርቁ ደግሞ፦ ስፌት የሌለው ሰፊ አቡጀዲ በቂ ነው፤ ዙሪያውን ወጥራችሁ እሰሩት፤ ከታች ቧንቧ አስገቡበት፤ ብርሃኑ ከፊሉ ስለሚያልፍ ከኋላው ያለው እንዳይታይ ጥቁር ጨርቅ ደርቡበት። የሚያብረቀርቅ ነገር አትጠቀሙ።

አዲስ አዘጋጅ

አቡጀዲ፣ እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ሳነበው ትንሽ ቅር ብሎኝ ነበር፤ አምስቱንም ምስሎች አስቀድሜ በኮምፒውተር አዘጋጅቼ ስለነበር። ዛሬ በልምምድ ላይ የዝናቡን ቪዲዮና በተዋናዮቹ ላይ የሚወርደውን ጎቦ አንድ ላይ አሳየኋቸው፤ ቪዲዮውን ማንም መልሶ አልጠየቀም። ኦቨርሄዱንም አግኝተናል። ደብዳቤውንና ፊቱን በሚመለከት ሁለት ነገር ልጠይቅ፦ ጥራቱ 1280 በ800 የሆነ ፕሮጀክተር ይበቃል? ፊደሉስ ምን ያህል መሆን አለበት?

ኬብል ጎታች

5 ሜትሩ ለ1280 ነጥብ ሲካፈል አንዱ ነጥብ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል። ከ13 ሜትር በላይ የተቀመጠ ጤናማ ዓይን ነጥቦቹን ለይቶ አያያቸውም፤ ከፊት የተቀመጡት ምናልባት በፊደሉ ጠርዝ ላይ ያስተውሉ ይሆናል። ለፊቱ ምንም ችግር የለውም። ተጨማሪ ገንዘብ ካለ ከጥራት ይልቅ ለብርሃን ወይም ለድምፅ አልባነት ይዋል።

የመጨረሻው ረድፍ በ18 ሜትር ላይ ከሆነ የፊደሉ ቁመት በጨርቁ ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ያለ ድካም ይነበባል። የእኛ ፊደላት ቅርጻቸው እርስ በርሱ ስለሚቀራረብ፣ «ሀ»ን ከ«ሃ»፣ «ለ»ን ከ«ሉ» የሚለየው አንዲት ትንሽ ቅጥያ ስለሆነች፣ ቀጭን የፊደል ዓይነት አይምረጡ። ነጭ ፊደል በጥቁር ላይ ይሁን፤ ነጭ ገጽ ላይ ጥቁር ፊደል ካሳያችሁ ጨርቁ ራሱ መብራት ሆኖ መድረኩን ሁሉ ያነጣዋል።

ስለ ኬብል፦ ተራ ኤችዲኤምአይ ከ10 ሜትር አካባቢ በኋላ መታመን ያቆማል። የመቆጣጠሪያው ጠረጴዛ ሩቅ ከሆነ በኔትወርክ ኬብል የሚያስተላልፍ ጥንድ መሣሪያ ወይም በውስጡ ፋይበር ያለው ኤችዲኤምአይ ተከራዩ፤ አሊያም ላፕቶፑን ከመድረኩ ጎን አስቀምጡት። ፋይበር ያለበት ኬብል አቅጣጫ አለው፤ አንዱ ጫፍ የምንጭ፣ ሌላው የማሳያ ነው። ይህን ሳላውቅ 30 ሜትር ዘርግቼ፣ ጣሪያ ላይ አስሬ፣ መልሼ ፈትቻለሁ።

ላፕቶፑን በተመለከተ ሁለተኛው ማሳያ የመጀመሪያው ቅጂ ሳይሆን ቅጥያ እንዲሆን አድርጉ፤ ዳራውን ጥቁር ቀቡት፤ ማሳወቂያ፣ እንቅልፍና የስክሪን ማቆያ ይጥፉ፤ ኢንተርኔቱም ይዘጋ። ለሁለት ምስል ብቻ ልዩ ፕሮግራም አያስፈልግም፤ ተራ የስላይድ ማሳያ ይበቃል። የመጀመሪያው፣ የመሐሉና የመጨረሻው ስላይድ ጥቁር ይሁን።

የመብራት ወጌሻ

ጥቁር ስላይድ ያሉት ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ አዲስ ሰዎች ሁሉ የሚወድቁበት ጉድጓድ ይህ ነው። ቀደም ሲል የፕሮጀክተሩን ፍንጣቂ እንተወው ብዬ ነበር፤ መድረኩ ሙሉ በሙሉ ሲጨልም ግን አይተውም። ፕሮጀክተሩ ጥቁር ስላይድ ሲያሳይ አምፖሉ አልጠፋም፤ በጨርቁ ላይ ግራጫ አራት ማዕዘን ይታያል። ሰው ሁሉ በጨለማ ውስጥ ያንን ብቻ ያያል። በሪሞቱ ላይ ያለው ምስል ማጥፊያ ቁልፍ በአንዳንዶቹ ውስጥ እውነተኛ መዝጊያ ይዘጋል፤ በብዙዎቹ ግን ያው ጥቁር ስላይድ ነው። ሳትከራዩ በፊት በጨለማ ክፍል ሞክሩት።

በዲኤምኤክስ (በመድረክ መብራት መቆጣጠሪያ ሥርዓት) የሚታዘዝ መዝጊያ ይከራያል። ገንዘብ ከሌለ ጥቁር የተቀባ ካርቶን በማጠፊያ ላይ አስራችሁ ከሌንሱ ፊት፣ አንድ ጣት ያህል ራቅ አድርጋችሁ ስቀሉት፤ በገመድ ይሳባል። የሞቀ አየር የሚወጣበትን ቀዳዳ እንዳይሸፍን ተጠንቀቁ። እውነተኛው ጨለማ ከተጨማሪ ሺህ ሉመን ይልቅ ተውኔቱን ይጠቅመዋል ብዬ አምናለሁ።

አዲስ አዘጋጅ

የመጨረሻውን ውሳኔ ለመግለጽ ተመልሻለሁ። መብራቱን ወደ ጎን አዙረን፣ ወለሉን በጥቁር ምንጣፍ ሸፍነን ስንለካ 50 የነበረው 18 ሆነ። ፕሮጀክተር አልገዛንም፤ 4000 ሉመን የሆነ ባለ ሌዘር መሣሪያ ለአንድ ሳምንት ተከራየን፤ ሌዘሩን የመረጥነውም በማራገቢያው ድምፅ ምክንያት ነው። መጀመሪያ የሞከርነው ባለ አምፖል መሣሪያ ከፊተኛው ረድፍ በላይ ተሰቅሎ ሲነፋ በደብዳቤው ጸጥታ ውስጥ ይሰማ ነበር። የተረፈውን ገንዘብ ለጎቦና ለጥቁር መጋረጃ አዋልነው።

ትናንት ሙሉ ልምምድ አደረግን። ፊቱ ሲወጣ ከቡድኑ አባላት አንዷ አለቀሰች፤ ግራጫው አራት ማዕዘንም አልታየም። አንድ ችግር ብቻ ቀረን፦ የካርቶኑ ገመድ ሲሳብ ይንጫጫል፤ የሚንጫጫውም ልክ እናትየው በምትጠፋበት ቅጽበት ነው።

ኬብል ጎታች

የሚንጫጫው ገመዱ ሳይሆን የሚያልፍበት የብረት ቀለበት ነው። ገመዱን በዓሣ ማጥመጃ ናይለን ቀይሩት፤ ቀለበቱንም ሻማ ቀቡት። ካርቶኑ በራሱ ክብደት እንዲዘጋ፣ በመሳብ እንዲከፈት አድርጋችሁ ገልብጡት፤ እንዲህ ከሆነ እናትየዋ ስትጠፋ የሚሳብ ነገር አይኖርም፣ ገመዱን የያዘው ሰው በቀስታ መልቀቅ ብቻ ነው የሚጠበቅበት።